ደረጃ የሌለው ደረጃ ሠሪ

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ ሳያስበው እውነቱን ያወጣዋል። «ደረጃ» የምትለዋን ቃል እንያት። ከምድር ቤት ወደ ፎቅ የምንወጣበትም ደረጃ ነው፤ ሰው በሰው ዘንድ የሚሰጠው ቦታም ደረጃ ነው። «ደረጃውን ውጣ» ሲሉን እግራችንን እናነሳለን፤ «ደረጃህን እወቅ» ሲሉን አንገታችንን እንደፋለን። ለሁለቱ አንድ ቃል የሰጠ ሕዝብ የላይና የታች ነገር ምን ያህል እንደሚያሳስበው መገመት አያዳግትም።

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የእንጨት ደረጃ፣ በእንጨቱ ላይ ስለተተከለ የብረት መደገፊያና ብረቱን ስለተከለው ሰው ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ወግ ይወጣዋል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ድሮ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ያደግኩበት ቤት ፒያሳ፣ ከሠራተኛ ሠፈር እምብዛም ሳይርቅ ነበር። «ነበር» ማለቴ፣ በ2016 ዓ.ም. አካባቢው ሲፈርስ አብሮ ስለፈረሰ ነው። ምድር ቤቱ በድንጋይና በጭቃ፣ ፎቁ በእንጨት፣ ጣራው በቆርቆሮ የተሠራ፣ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ነው። ከግቢው ወደ በረንዳው 17 እርከን ያለው የእንጨት ደረጃ ይወጣል። በደረጃው ጎን፣ ከእርከኑ እስከ እጅ መደገፊያው ድረስ፣ በቶርኖ የወጡ ወገበ ቀጭን፣ ሆደ ሰፊ እንጨቶች ተደርድረዋል። እኛ ልጆቹ «ጠርሙሶቹ» እንላቸው ነበር።

እንዲህ ያለው ቤት ባለ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በድንኳንና በጎጆ የተሞላች የንጉሥ ሠፈር እንጂ የፎቅ ከተማ አልነበረችም። ቀስ በቀስ የህንድና የአርመን አናጺዎችና ግንበኞች መጡ። ከአገሬው ባለሙያ ጋር እየሠሩ በረንዳው ሰፊ፣ ደረጃው እንጨት፣ የጣራው ክፈፍ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ቤት ለመኳንንቱና ለነጋዴው አቆሙለት። አርመናዊው መሐንዲስ ሙሴ ሚናስ ኸርበኪያን ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን፣ ኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤት ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጣይቱ ሆቴል ገብቶ በዚያ ሰፊ የእንጨት ደረጃ የወጣም እንዲሁ።

ሁሉ ነገር እንጨት የሆነው ብረት ተጠልቶ አልነበረም፤ ብረት ሩቅ ስለነበረ ነው። ከባሕር ጠረፍ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በግመልና በበቅሎ ነበር የሚጓዘው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲስ አበባ ለመግባት እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቶበታል። በበቅሎ ጀርባ የሚመጣ ብረት ደግሞ መጀመሪያ ለጠመንጃ፣ ቀጥሎ ለጣራ ቆርቆሮ እንጂ ለደረጃ ጌጥ አይተርፍም። ደረጃውን ጽድና ዝግባ ቻሉት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ወላጆቼ ተከራይ ነበሩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የኛም ቤት «ትርፍ» ተባለ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ዞሩ። ባለቤቱ ሄዱ፣ ተከራዮቹ ቀረን፣ በየክፍሉ ሌሎች ተጨመሩ። በመጨረሻ ላይ ሦስት፣ ታች አራት፣ በድምሩ ሰባት አባወራ ሆንን።

እንግዲህ ሰባታችንም ክፍላችንን እናድሳለን። ግድግዳ እንለቀልቃለን፣ ጋዜጣ እንለጥፋለን፣ ኮርኒስ እንወጥራለን። ደረጃው ግን የማን ነው? የላይኞቹ «ታች ያሉትም ልብስ ሊያሰጡ ይወጡበታል» ይላሉ። የታችኞቹ «እኛ ምን ፎቅ አለንና!» ይላሉ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆኑ «የቀበሌ ነው» ይላሉ። በዚህ መሐል ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ አለቁ። አንዱ በስብሶ ወደቀ። አንዱ፣ ከሰል በጠፋበት ክረምት፣ የማንን ጀበና እንዳፈላ እግዜር ይወቀው። አንዱን ደግሞ፣ ወንጀሌን ልናዘዝና፣ እኔው ራሴ ለዱላ ቅብብል ሩጫ ነቅዬዋለሁ።

በ1998 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የአራት ዓመት የጎረቤት ልጅ በዚያ ክፍተት ሾልኮ ወደቀ። ድንጋዩ ላይ ነው ያረፈው። እጁ ተሰበረ እንጂ ነፍሱ ተረፈች። «ማርያም ናት የያዘችው» ተባለ። እኔ ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ያ ዱላዬ ከየትኛው እርከን እንደተነቀለ ለማስታወስ ስሞክር አደርኩ።

ሽማግሌ ሆነን የሚመለከተው ቢሮ ሄድን። ለጥገና የተያዘ በጀት እንደሌለ ተነገረን። ቢሮ የሄደ ሰው የማያውቀው መልስ አይደለም። ድር ቢያብር ነውና፣ ሰባታችንም 300፣ 300 ብር አዋጣንና ከመርካቶ አንድ ብረት ሠሪ አመጣን።

ሰውዬው 30 ዓመት ቢሆነው ነው። ሜትር፣ ቱንቢና አሮጌ የተማሪ ደብተር ይዞ መጣ። መበየጃውን አላመጣም። ብየዳው መቼ እንደሚጀመር ስጠይቀው ሳቀ።

«ጋሼ፣ እንጨት ላይ አይበየድም» አለኝ። «ብልጭታው ስንጥቅ ውስጥ ይገባና ዝም ይላል። የሚነሳው ሌሊት፣ እናንተ ስትተኙ ነው። የምበይደውን እዚያው በይጄ አመጣለሁ። እዚህ መብሳትና ማሰር ብቻ ነው።»

ከዚያ እርከኖቹን አንድ በአንድ ለካቸው። እኔ 17ቱም እኩል ይመስሉኝ ነበር። ከ100 ዓመት በፊት በእጅ የተሠራ ደረጃ፣ ያውም መሬቱ የሰጠመበት፣ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ቋሚ ብረቶቹን በጅምላ አልቆረጠም፤ የእያንዳንዱን ቁመት በደብተሩ ጻፈ። አናታቸውንም እንደ ደረጃው ዘንበል አድርጎ ቆረጠው።

የተረፉትን ጠርሙሶች ወገባቸው ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፈላቸው። ላይና ታች የቀሩትን ጉማጆች እያሽከረከረ ነቀላቸው፣ ምስማሮቹንም በጉጠት አወጣ። ላይ ያለውን የእንጨት እጀታ ግን አልነካውም። በመቶ ዓመት የሰው መዳፍ የተወለወለ ጽድ ነው። «ይሄን የመሰለ ከየት ይገኛል?» አለ። እኛ «አሮጌ» ያልነውን እሱ ነው ያዘነለት።

ብዙ ቀን የፈጀበት ራስ ምሰሶው ነው። ከደረጃው ሥርና ከጫፉ ላይ የሚቆሙትን ሁለቱን ትልልቅ ምሰሶዎች ማለቴ ነው። እኔ እርከኑ ላይ በብሎን የሚያስራቸው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የታችኛውን ጣውላ አነሳ፤ ከሥር ሸክሙን የሚይዘውን ግንድ ፈለገ። ግንዱን በስቶ፣ ብሎኖቹን አሳልፎ፣ ከታች በኩል በጠፍጣፋ ብረት አጠበቃቸው። ምክንያቱን ስጠይቀው እንዲህ አለኝ፦ «ሰው ሲወድቅ መደገፊያውን ወደ ውጭ ነው የሚገፋው። ግፊያው ሁሉ ተጠቃሎ ራስ ምሰሶው ላይ ይመጣል። እሱ ካልቆመ ሌሎቹ ጌጥ ናቸው።»

ቋሚዎቹ ሲገቡ ደግሞ እንደ ትርዒት ቆመን አየን። ከእጀታው ሥር የበሳው ቀዳዳ ጠለቅ ያለ ነው፤ እርከኑ ላይ ያለው አጠር ያለ። ብረቱን ወደ ላይ ጠልቆ እስኪገባ ይገፋውና ወደ ታች ይመልሰዋል። እርከኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ የምትሸፍን ትንሽ የብረት ጫማ ያለብሰዋል። አንዱን ከሌላው የሚያርቀው በጡጫው ነው፤ «ጡጫዬ ካለፈ የልጅ ራስ ያልፋል» ይላል። ኋላ እንዳነበብኩት፣ በብዙ አገር የግንባታ ደንብ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኳስ በመሐል ማለፍ የለበትም። የሰውዬው ጡጫ ከደንቡ ብዙም አልራቀችም።

ከመትከሉ በፊት ደግሞ የብረቶቹን ጫፍ ዝገት በሚከላከል ቀለም ነከራቸው። ቀዳዳውንም በትንሹ ሰፋ አድርጎታል። «ሐምሌና ነሐሴ እንጨቱ ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። ብረቱ ባለበት ነው። ቦታ ካልተውክላቸው ይጣላሉ። የኔ ሥራ ሁለቱን ማስማማት ነው።»

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ላይ ያሉት እማማ ቡና አፈሉ። እማማ የሠፈሩ እናት ናቸው። ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚደርሱት፣ ከለቅሶ ቤት መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ናቸው። እጁ የተሰበረው ልጅም የልጅ ልጃቸው ነው። ብረት ሠሪውን «ና ልጄ፣ ቡና ጠጣ» ብለው ከአጠገባቸው አስቀመጡት። መረቁት። ከዚያ እንደ ወጉ ጥያቄ ጀመሩ።

«አገርህ የት ነው ልጄ?»

«ሰሜን ሸዋ ነው እማማ።»

«እሰይ! ወንዜ ነሃ! አባትህ ገበሬ ናቸው?»

«የለም እማማ። ይቀጠቅጡ ነበር። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር።»

ቤቱ ጸጥ አለ። እማማ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ሳቡና ጭናቸው ላይ የተቀመጠውን የልጅ ልጃቸውን ፊት ሸፈኑ። ልጅቷ የሁለተኛውን ቡና ሲኒ ስትሰበስብ፣ የእሱን ሲኒ በዓይናቸው ጠቅሰው ለብቻ አስቀመጧት። ቃል አልወጣቸውም። እሱ ግን ሁሉንም አየ። ለማየት የለመደ ሰው ነው።

ተነሣ። ቁምጣውን አራገፈና «እማማ፣ እኔ የመጣሁት ልጁ እንዳይወድቅ ነው» አለ። ወርዶ ሥራውን ቀጠለ።

እኔስ ምን አልኩ? ዩኒቨርሲቲ የበጠስኩት፣ ጋዜጣ የማነበው፣ ስለ እኩልነት ስንት ክርክር የተከራከርኩት ሰውዬ? ምንም። ቡናዬን ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው የነገሩን ሥር መፈለግ የጀመርኩት። ብረት የሚቀጠቅጥን ሰው «ቡዳ» ያልነው ለምንድን ነው? መልሱ ዓይኑ ውስጥ የለም፤ መሬቱ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ሰው የሚከበረው በርስቱ ነበር። ርስት የሌለው ሰው የሚበላው በእጁ ሥራ ነው። ስለ አፄ ይስሐቅ የሚተረከውን እናስታውስ። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ክርስትናን ያልተቀበለ ቤተ እስራኤል የአባቱን ርስት እንዲያጣ አደረጉ ይባላል። ከመሬት የተነቀለው ወገን ወደ ወናፍና ወደ ሸክላ ዞረ። የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን በብረት ቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሠሪነትና በግንበኝነት የታወቁት በዚህ መንገድ ነው። በሌላውም አካባቢ እንደዚሁ ነው፤ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በየአገሩ ስማቸው ይለያይ እንጂ ቦታቸው ያው የመንደሩ ዳር ነበር። መሬት ከለከልነው፣ በእጁ አደረ፣ በእጁ ስላደረ ናቅነው።

አስገራሚው ነገር ያለ እሱ አንድ ቀን አለማደራችን ነው። ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ወታደሩ ያለ ጦር፣ ቄሱ ያለ መስቀል ምን ሊሆኑ? ያ ሁሉ ከቀጥቃጩ ወናፍ ነው የሚወጣው። ቀን የሠራውን ማረሻ እንገዛና ሌሊት ጅብ ይሆናል ብለን እንፈራዋለን።

ነገሥታቱ ነገሩ አልጠፋቸውም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ብረት የመንግሥት ጉልበት መሆኑን ስላወቁ ነው። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የዚያ ውጤት ነው። ልብ በሉ፣ ባለ ሙያ ፍለጋ ባሕር ማዶ ድረስ ዓይናቸውን ጥለዋል። አገር ውስጥ ያለው ባለ እጅ ግን ከመንደሩ ዳር ወደ መሐል አልመጣም።

አፄ ምኒልክ አንድ እርምጃ ሄዱ። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ከለከሉ። ቀጥቃጩን በብረቱ፣ ሸማኔውን በሸማው፣ ፋቂውን በቆዳው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዘዙ። ከቤታችን አጠገብ ያለው ሠራተኛ ሠፈርም ስሙን ያገኘው እዚያ ከሠፈሩት የግቢው ባለ እጆች ነው። ንጉሡ ከግቢያቸው ብዙም ሳያርቁ አሠፈሯቸው። ግን አዋጅ አፍን ይዘጋል እንጂ ልብን አይለውጥም። እማማም እኮ አልተሳደቡም። ነጠላቸውን ነው የሳቡት።

ለመሆኑ ይህ ንቀት የት ላይ ላላ? የኔን ግምት ልንገራችሁ። ቃላቱ ሲለወጡ ነው የላላው።

የጥንቱ ቀጥቃጭ ዕቃዎች ስማቸው የኛው ነው፦ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ ሞረድ። አሁን መርካቶ ግቡና ብረት ሠሪውን ስሙት፦ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። ይሄ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው። ፋሺስቶች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ይዘው ሲቆዩ ለራሳቸው ክብር አንድ ደረጃ ሠርተው ነበር። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ፊት ለፊት እስከ ዛሬ ቆሟል። እያንዳንዱ እርከን የሙሶሊኒን አንድ የሥልጣን ዓመት ያመለክታል ይባላል። የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና አረፈው። ጣሊያን ሲወጣ ግን ከዚያ ደረጃ የሚበልጥ ነገር ትቶ ሄደ፤ ጋራዡን፣ መበየጃውንና የዕቃዎቹን ስም።

እናም የቀጥቃጭ ልጅ ከአገሩ ተነሥቶ አዲስ አበባ ሲገባ «በያጅ» ሆነ። አባቱን የሚያሰድብ መዶሻ ትቶ ማንም የማይሳደብበትን መበየጃ ያዘ። ባቡሩም ከዚያ በፊት ለድሬዳዋ ልጆች እንዲሁ አድርጎላቸዋል፤ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት የሚሠራ ሰው ደሞዝተኛ እንጂ ቀጥቃጭ አልተባለም። በ1934 ዓ.ም. የተከፈተው ቴክኒክ ትምህርት ቤትም ኋላ «ተግባረ ዕድ» የሚል ስም ሲወጣለት፣ የእጅ ሥራ በግዕዝ ተጠርቶ ከበረ። ዛሬ በየመንገዱ «እንጨትና ብረታ ብረት ሥራ» የሚል ሰሌዳ እናያለን። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኮንዶሚኒየሞቹን በር፣ መስኮትና የደረጃ መደገፊያ ለመሥራት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ወጣቶችም «ባለሙያ» ነው የሚባሉት። ጥሩ ነው፤ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር አንርሳ። ሙያው የከበረው እኛ ልባችንን ስለለወጥን ብቻ አይደለም፤ ባለሙያው ስሙን ስለለወጠም ነው። የድሮው ስም አንድ ቅዳሜ ቡና ላይ ሲነሣ ነጠላችን ወዲያው ይሳባል።

ይህን ሁሉ ተቆጥቼ ለአጎቴ አወራሁት። የእማማን ነገር ስነግረው «ኋላ ቀርነት ነው! እስከ መቼ!» ምናምን እያልኩ ነበር። አጎቴ በጸጥታ ሲሰማኝ ቆየና ጠየቀኝ።

«አያትህ ምን ይሠሩ የነበር ይመስልሃል?»

«የምኒልክ ግቢ ሰው ነበሩ» አልኩት። በቤታችን ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚባለው። በኩራት ነው የሚባለው። ልጅ ሳለሁ አያቴን ካባ ደርበው ከንጉሡ ኋላ ሲሄዱ ነበር የማስባቸው።

«ግቢ ውስጥ ምን ይሠሩ ነበር?»

ዝም አልኩ። ለካስ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ልጓምና እርካብ ነበር የሚሠሩት» አለ አጎቴ። «ሠራተኛ ሠፈርን ሠራተኛ ሠፈር ያሰኙት እነማን መሰሉህ? እናትህ ለምን እንዳልነገረችህ አትጠይቀኝ። ስታገባ ሽማግሌ የሚያጣራውን ታውቃለህ። ለአባትህ ወገኖች ‹የግቢ ሰው› ተባለ። ውሸት አይደለም። እዚያው ላይ ቆመ።»

«ሙያ በልብ ነው» የሚለው ተረታችን የዚያን ቀን ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። ስንቱ ነው ሙያውን በልቡ ቀብሮ፣ ከልጆቹ ደብቆ የሞተው? ብረት የማቅለጥና የመቀጥቀጥ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ካልተላለፈ፣ ልጁም ካፈረበት፣ አገር ከየት ታገኘዋለች? ሌሎች አገሮች ከመንደር አንጥረኛቸው ወርክሾፕ፣ ከወርክሾፑም ፋብሪካ አወጡ። እኛ ከመንደር ቀጥቃጫችን ያወጣነው ምሥጢር ነው። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው እንላለን፤ ቀጥቃጩን ግን አቀዘቀዝነው።

እማማስ? ሥራው ባለቀ ማግስት፣ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ሲወጡ በረንዳው ላይ ቆሜ አየኋቸው። ከዚያ በፊት በጎናቸው ሆነው፣ ግድግዳውን እየታከኩ፣ እንደ ሕፃን አንድ አንድ እርከን ነበር የሚወርዱት። ያን ዕለት እጀታውን ይዘው ቀጥ ብለው ወረዱ። ታች ሲደርሱ ራስ ምሰሶውን ጨበጡና ትንሽ አረፉ። ቀና ብለው አዩኝ። «ደህና አድርጎ ነው የሠራው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጨመርኩም። እስኪያርፉ ድረስ በዚያው ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ። አስከሬናቸው ሲወርድም ተሸካሚዎቹ የተደገፉት ያንኑ ብረት ነው።

ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እንጨቱ ለማገዶ ተከመረ። ያ የተወለወለ ጽድም አብሮ። ብረቱን ቆራሌው በኪሎ መዝኖ ወሰደው። ከመጫኑ በፊት የታችኛውን ራስ ምሰሶ በሚዛኑ ዋጋ ገዛሁትና አሁን ወደምኖርበት ኮንዶሚኒየም ወሰድኩት። በረንዳዬ ጥግ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ «ምንድን ነው ይሄ?» ይለኛል። ከእርከኑ ሥር የነበረው ጫፉ፣ የዚያ ዝገት መከላከያ ቀለም እንዳለበት ነው። 18 ክረምት አልፎበት አልዛገም።

እኔም ለ18 ዓመት ጠዋት ስወጣ ጨብጬዋለሁ፤ ማታ ስገባም እሱን ጨብጬ ነው ወደ ላይ የምዞረው። የሠራውን ሰው ግን ያን ቅዳሜ ሂሳቡን ስሰጠው እጁን አልጨበጥኩትም። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት፣ ቆጥሮ ተቀበለኝ፣ ቱንቢውንና ደብተሩን ይዞ ሄደ።

ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።